የሐዋ ወገን

ከሽማግሌ ጋር የተጋጨሁት ሳልወድ ነው ብል እዋሻለሁ። ወድጄ ነው። ዛሬም ቢጠሩኝ ያንኑ እደግመዋለሁ፤ የሚከፋው ይክፋው።

ስሜ ሀጂራ ነው። መርሳ ውስጥ አይሱዙ የምትነዳ ሴት ከኔ ሌላ የለችም፤ ስለዚህ እኔን ፈልጎ ያጣኝ ሰው የለም። ከሀብሩ ማሳዎች ሽንኩርትና ማንጎ ጭኜ ወልድያ አራግፋለሁ፤ ሲቀናኝ ደሴ ድረስ እዘልቃለሁ። ውርጌሳ ላይ ሻይ የሚጠጡ ወንዶች ሳልፍ ካዩኝ «ሴትዮ፣ ፍሬኑ በየት በኩል እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብለው ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ ጥሩምባዬን ነፍቼ ሻያቸውን አስደፋቸዋለሁ።

መንዳት የተማርኩት ወታደር ቤት ነው፤ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበርኩ። ክፍላችን ለሰላም ማስከበር ሰው አገር ሲላክ እኔም ከነቦቴዬ ሄድኩ። ያገሩን ስም አልጠራም፤ ለነገሬ አያስፈልገኝም። ድሃ አገር ነው። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ዝናቡ ይዘገያል፣ ሴቶቹ ከሸክም ሥር አይወጡም። ሀብሩን የሚያውቅ ሰው ያንን አገር ለማወቅ አይቸገርም።

እዚያ አንዲት ሴት ተገደለች። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።

የካምፑ እጣቢ ውሃ በአጥሩ ሥር ይፈስ ነበር። በዚያ ደረቅ አገር ለምለም ሣር ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ሴቶች ማጭድ ይዘው እየመጡ ለፍየሎቻቸው ያጭዳሉ። ከነሱ አንዷ ሐዋ ትባላለች። ሴት መኪና ስትነዳ አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ቦቴዬን ይዤ ስገባና ስወጣ ባየችኝ ቁጥር አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች፤ ከዚያ እጇን ታነሳልኛለች። እኔም ጥሩምባ እነፋላታለሁ። ወዳጅነታችን ይኸው ነበር።

የካምፑ ጥበቃ ማማ ላይ ተረኛ ከሚሆኑት አንዱ ሃምሳ አለቃ ወርቁ ነው። የኛው አገር ልጅ ነው፤ የተወለደው ውርጌሳ፣ እናቱ አሁን የምትኖረው መርሳ። ያን ሰሞን ብስኩት እያሳየ ሐዋን ይጠራት ነበር። እሷ አትመጣም። ጓደኞቹ «ናቀችህ እኮ!» እያሉ ይስቁበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ሞልቼ ስመለስ ወርቁ ተረኛ ሆኖ ከቆመበት ማማ ተኩስ ሰማሁ። ደርሼ ከቦቴው ስወርድ ሐዋ ሣሩ ላይ ወድቃለች፤ ማጭዱ በእጇ ነው። ቃሬዛ ላመጣ ሮጥኩ። ስመለስ ማጭዱ የለም። ከጎኗ ክላሽ ተጋድሟል።

«ታጥቆ አጥር የጣሰ ሰርጎ ገብ ተገደለ» ተባለ። ሰርጎ ገቧ ገና ግማሽ እስር ሣር ነበር ያጨደችው።

አጣሪ መጣ። ሌሎቹ ሁሉ አላየንም አሉ። እኔ አየሁ አልኩ። የክፍላችን ሻለቃ ቢሮው አስጠርቶ እንደ አባት ሊመክረኝ ሞከረ።

«ሀጂራ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እዚህ ያለሽው አገርሽን ወክለሽ ነው። ያገርሽን ስም ልታጠፊ ነው?»

«ጌታዬ፣ ስሙን ያጠፋው የተኮሰው ነው ወይስ ያየው?» አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ወርቁ ነፃ ተባለ፤ እኔ ወደ አገር ቤት ተመለሽ ተባልኩ፤ ወዲያው ከውትድርናም ተሰናበትኩ። ከካምፑ ስወጣ የሐዋ እናት ፋጡማ በሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጇ ከተቀበረች ጀምሮ እዚያ ነው የምትውለው። በተሰባበረ ቋንቋዬ ያየሁትን ነገርኳት። አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና «ለሰው ንገሪ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ወርቁ ግዳጁን ጨርሶ መርሳ ገባ። ቀበሌው ድንኳን ጥሎ ተቀበለው። የቀበሌው ሊቀመንበር አለሙ ክራቫት አስሮ «የሰላም አምባሳደራችን!» እያለ ድምፅ ማጉያውን አስጮኸው። ከበሮ ተመታ፣ እልል ተባለ። እኔ ማዶ ሽንኩርት እያስጫንኩ ነበር። መቼም ቁጣ ሲመጣብኝ መንገዱን አያጣውም። ጭነቱን ትቼ ድንኳኑ መሃል ገባሁና ወርቁ ፊት ቆምኩ።

«ይህ ሰው ሐዋ የምትባል ሴት ገድሎ ነው የመጣው። ጠመንጃ አልያዘችም። ማጭድ ነው የያዘችው።»

ከበሮው ቆመ። ወርቁ ፊቱ አመድ መሰለ። አለሙ በድምፅ ማጉያው «ፀረ ሰላም!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰላም አስከብሬ መጥቼ ፀረ ሰላም ተባልኩ፤ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ወርቁ ይክሰሰኝ ብዬ ጠበቅሁት። እሱ ግን ፍርድ ቤት አልሄደም፤ እዚያ ምስክር ይጠየቃል፣ ነገሩ ይመረመራል። የሄደው ሽማግሌ ጋ ነው። «ሀጂራ በሕዝብ ፊት ሰድባኛለች፤ ታረቁን» አለ። ብልጥ ነው፣ አልክድም። በኛ ዘንድ ዱአ ተደርጎ የታረቀ ነገር ዳግም አይነሳም። ካነሱት ሽማግሌ መርገጥ ነው። ስለዚህ ለስድቡ ይቅር ከተባባልን የሐዋ ነገር አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። ለሰው ንገሪ የተባልኩት አፍ በገዛ እጄ ይለጎማል።

እምቢ ብልስ? ሽማግሌ የረገጠ ከቅሬ ይወጣል። ቅሬ የኛ አገር የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ ያነሳል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ከቅሬ የወጣን ሰው ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፤ ሲሞትበትም ቃሬዛ የሚሸከምለት የለም። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ሽባ ሆነው የተኙ አባት አሉኝ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። አለሙም ይህን ያውቃል፤ መኪናዬ ድረስ መጥቶ መስኮቱን ተደግፎ አስታወሰኝ።

«ዝም አይነቅዝም፣ ሀጂራ። ለአባትሽ አስቢ።»

ዝም አይነቅዝም እውነት ነው። ሰው ግን ይነቅዛል። ይህን ለሱ አልነገርኩትም፤ መስኮቱን ዘጋሁበት።

ማታ ለአባቴ ለሲራጅ ነገሩን ሁሉ አወራሁላቸው። ከወገባቸው በታች ነው የማይንቀሳቀሱት፤ ምላሳቸው ደህና ነው።

«አባባ፣ እምቢ ካልኩ ከቅሬ ያወጡናል። አንቱን ማን ያነሳልኛል?»

«ምን ማን ያነሳልኛል አለው? ወላሂ መሽተቴ ስለማይቀር አፍንጫውን ይዞም ቢሆን የሚያነሳኝ አላጣም!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሲረጋጉ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «አብሽሪ ልጄ። እኔ በአልጋዬ ላይ፣ ልጄ አጠገቤ ሆና ነው የምሞተው። ያቺ ልጅ በምን ሞተች? ሂጂ፣ ያየሽውን ተናገሪ።»

እንዲህ ቢሉም ፈርቼ ነበር። ዕርቅ ወደሚደረግበት ስሄድ አባቴን በጭነት መኪና ጭኜ ብቻዬን ስቀብር ይታየኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ሸህ ኡበይደላ፣ ከጎናቸው የደብሩ ቄስ፣ ግራና ቀኝ የቅሬው ዳኞች። ሸህ ኡበይደላ ለስንት ዘመን ደም ያደረቁ አበጋር ናቸው፤ ሁለት ቀዬ ተጋድሎ እሳቸው መሃል ከቆሙ ጠመንጃ ይወርዳል። አለሙ ወንበር አስመጥቶ ከሁሉም ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ወርቁ የወታደር ጃኬቱን ለብሶ ከእናቱ ከእትዬ አልማዝ ጋር በአንድ ወገን፣ እኔ ብቻዬን በሌላው ወገን። ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦናል። ጫቱ ታደለ፣ ዱአው ተከፈተ፣ አሚን ተባለ።

«ያ ጀማዓ፣ የመጣነው ልጆቻችንን ለማስታረቅ ነው» አሉ ሸህ ኡበይደላ። «ወርቁ፣ አንተ ተናገር።»

ወርቁ ተነሳ። «አባቶቼ፣ እኔ ቂም የለኝም። እህቴ ናት። ወታደር ቤት ያልተስማማንበት ነገር ነበር፣ ተናዳ ሰደበችኝ። ይቅር ብያታለሁ። እሷም ይቅር ትበለኝና ነገሩ እዚህ ይብቃ።» ድምፁ ማር ነው። አንዳንዱ «ጨዋ ልጅ!» አለ።

«ሀጂራ፣ አንቺስ ልጄ?»

አፌን ስከፍት ነው ሕዝቡ መንገድ የለቀቀው። የወርቁ አጎት ቀይ በሬ እየጎተተ ገባ። ከኋላው ሌላ ሰው ቢላዋ ይዞ መጣና በሁለታችን መሃል ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ወርቁ ደረቱን ነፋ። «ለአባቶች ክብር፣ ሕዝቡም ቀምሶ እንዲሄድ ብለን ነው» አለ።

አለሙ አጨበጨበ። ሌላ ያጨበጨበ የለም።

መቼም አለሙ የወልድያ ከተማ ልጅ ነው፣ ወርቁም ጺም ሳያበቅል ነው ወታደር ቤት የገባው። የኛን ቀዬ ወግ አያውቁትም። በኛ ዘንድ ሰው ከተሰዳደበ እጅ ይሳሳማል፣ ዱአ ይደረጋል፣ ያበቃል። ዕርቅ ላይ በሬ የሚጎተተው ሰው ሲገደል ብቻ ነው። ጎትቶ የሚያመጣው የገዳይ ወገን ነው። ቢላዋው መሃል ይቀመጣል፤ የሟች ወገን ተነስቶ ካነሳውና ለአራጁ ከሰጠ ደሙ ደረቀ። ካላነሳው አልደረቀም። ይህን መርሳ ውስጥ ዕርቅ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሸህ ኡበይደላ በሬውን አዩ፣ ቢላዋውን አዩ፣ ቀስ ብለው ወደ ወርቁ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«በሬ ነው፣ አባቴ። ለዕርቁ።»

«ለስድብ በሬ የታረደበት አገር የት አየህ?»

ወርቁ ግራ ገብቶት ሳቀ። እኔ ግን ወላሂ በዚያች ሰዓት የፈራሁትን ሁሉ ረሳሁት።

ተነስቼ ቢላዋው ዘንድ ሄድኩ። አላነሳሁትም።

«አባቴ፣ ይህን ቢላዋ የማነሳው የማን ወገን ሆኜ ነው?» አልኩ። «እኔ አልሞትኩም። ከቤቴም የሞተ የለም። የገዳይ ወገን በሬ ጎትቶ መጥቷል፤ ሟች ማናት? ይንገረኛ!»

«ዋሽታለች!» አለ ወርቁ። «በሬው ግብዣ ነው! ንገሪያቸው እንጂ፣ እማዬ!»

እትዬ አልማዝ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣ ነበር። ሸህ ኡበይደላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልማዝ፣ አንቺ የዚህ ቀዬ ሰው ነሽ። ወጉን ታውቂዋለሽ። በሬውን ያስመጣው ማነው?» አሏት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ለግብዣ ነው?»

ወርቁ ትከሻዋን ያዛት። እጁን ቀስ ብላ ከትከሻዋ ላይ አወረደችና ቀና አለች።

«አይደለም፣ አባቴ። ስድብ መስሎኝማ ቢሆን ዶሮም አላመጣም ነበር። ልጄ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ጠየቅሁት። ነገረኝ። እናቱ ነኝ፣ ለማን ልናገርበት? ምናልባት በሬው ቢታረድለት ይቀለው ይሆን ብዬ ነው።» ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ያዘንኩት ለሷ ነው። ለልጇ ግን አላዘንኩም። ሐዋ ላይ የተኮሰ እጅ አሁን የእናቱን ትከሻ ፈልጎ ያጣ እጅ ነው፤ ይጣ።

አለሙ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ስብሰባው ተበትኗል! ይህ የሠራዊታችንን ስም የሚያጎድፍ ነው! በሰው አገር የሆነው ነገር እናንተን አይመለከታችሁም!»

ሸህ ኡበይደላ አልተነሱም። ጫታቸውን አስተካክለው አስቀመጡ።

«አቶ አለሙ፣ ይቀመጡ። ሰውየው የኛ ልጅ ነው። ደሙ የፈሰሰው የትም ይሁን የት፣ ይዞት የገባው ግን እኛ ቀዬ ነው። በሬ ጎትቶ የመጣውም እኛ ዘንድ ነው። እንዴት አይመለከተንም?»

«በሕግ ነፃ የተባለ ሰው ነው!»

ቄሱ ጣልቃ ገቡ፤ «ነፃ ከሆነ በሬው ምን ሊሠራ መጣ?»

ከሕዝቡ መሃል ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ጠፋ። አለሙ ቆሞ ቀረ፤ የሚቀመጥበትን ወንበር አንድ ሽማግሌ ስቦ ወስዶ ተቀምጦበታል።

ሸህ ኡበይደላ ወደ ወርቁ ዞሩ። «ስሟ ማነው?»

ወርቁ ወደ እናቱ ዞረ።

«የገደልካት ሴት፣ ስሟ ማነው ልጄ?»

«እኔ… ስሟን አላውቅም» አለ። በሕዝብ ፊት ያመነው በዚህች ቃል ነው። ከአፉ ከወጣች በኋላ ገባው፤ ግን ወጥታለች።

ስንት ቀን በብስኩት ሲጠራት የከረመ ሰው ስሟን አያውቅም! ደሜ ፈላ። «እኔ አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ አዎ፣ በሽማግሌ ፊት ጮህኩ። «ሐዋ ትባላለች! የፋጡማ ልጅ ሐዋ! መርሳ ገበያ መሃል ቆሜ ሐዋ ብዬ ብጣራ ስንቷ ሐዋ ዞራ ታየኛለች? ያቺ ሐዋ ግን ብትጠራም አትዞርም። ፍየሏ ሣር አጥታ፣ እጣቢ የጠጣ ሣር ልታጭድ መጥታ ነው የሞተችው። ጠመንጃ አስታቀፏት፣ ሌባም ሽፍታም አደረጓት። የሟች ወገን ጠፋ ትላላችሁ? እኔ ነኝ! ከቅሬ አውጡኝ፣ እሳት ከልክሉኝ፣ አባቴን በአይሱዙ ጭኜ ብቻዬን እቀብራለሁ። ይህን ቢላዋ ግን አላነሳም!»

ስጨርስ በሬው ሣሩን ይነጭ ነበር።

ሸህ ኡበይደላ ቄሱን በጆሯቸው አነጋገሩ፣ የቅሬውን ዳኞች አነጋገሩ።

«ሀጂራ፣ የሟች ወገን አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። «ምስክር ነሽ። ወገኗ እናቷ ናት። ስለዚህ ይህን ቢላዋ አንቺም ልታነሺው አትችይም፣ እኛም ልናነሳው አንችልም። በሬው ወደ መጣበት ይመለስ። ወርቁ፣ አንተ ደመኛ ነህ። ፋጡማ የምትባለው እናት ዘንድ ሄደህ፣ ወይ ሽማግሌ ልከህ፣ የሷን ቃል ይዘህ እስክትመጣ ድረስ በዚህ ቀዬ ማዕድ አትቀርብም፣ ዱአ ላይ አትቀመጥም፣ ልጃችንን አንድርልህም። እናትህ ምንም አላጠፋችም፤ ቅሬዋ ቅሬያችን ነው። ሀጂራም ሽማግሌ አልረገጠችም። አባቷም የኛ ናቸው።»

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«የፋጡማን ልጅ ሐዋን አላህ ይማራት። ደሟን የደበቀውን ይግለጥ። እናቷን ያጽናት።»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ። እስላሙም አለ፣ ክርስቲያኑም አለ። እትዬ አልማዝም እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች። ሐዋ እዚያ አገር ስትቀበር ወታደር ጠመንጃ ይዞ ስለከበባቸው ዘመዶቿ እንኳ ድምፅ አውጥተው አላለቀሱላትም ነበር። እኔ ያን ቀን አለቀስኩላት።

አለሙ ሳይበቀለኝ አልቀረም። በማግስቱ ፖሊሶች ወልድያ ወስደው ጥቂት ቀን አሰሩኝ። «ቃልሽን ቀይሪና ውጪ» አሉኝ። «እኔ የምቀይረው ጎማ ነው» አልኳቸው። ሰደቡኝ፣ አስፈራሩኝ። የመርሳ ሰው ስንቅ እያቀበለ በየቀኑ በሩን ሲያጨናንቅባቸው ጊዜ ለቀቁኝ። መንጃ ፈቃዴን አስቀሩት፤ ወራት ካመላለሱኝ በኋላ በልምምጥ ሳይሆን በጭቅጭቅ ተቀበልኳቸው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሐራ ገበያ ጭኜ ስመለስ ወርቁ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ዘረጋ። ጃኬቱን አውልቆታል። ከስቷል። ልለፈው ብዬ ነበር፤ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። መስኮቱ ሥር መጥቶ ቆመ።

«ሀጂራ፣ በአላህ፣ በማርያም። ሰው ሰላምታ አይሰጠኝም። ያጨኋትን ልጅ ቤተሰቦቿ ከለከሉኝ። አንቺ ይበቃዋል ብትያቸው ሽማግሌዎቹ ይሰሙሻል። ምን ላድርግልሽ?»

«ለኔ ምንም። ከኔ ጋር ጠብ የለህም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ተነግሮሃል። ፋጡማ ዘንድ ሂድ።»

«አገሩ እኮ ሩቅ ነው፤ ድንበሩ፣ በረሃው…»

«ያኔ አልራቀህም» አልኩትና ማርሽ አስገባሁ።